የአንድ ዴስክ ልጆች

ጎጆ በምትባል የደጋ ከተማ ሳስተምር ጠዋት ጠዋት ጭጋጉ ክፍል ድረስ ይገባ ነበር። የመስኮቶቹ መስታወት ግማሹ ስለረገፈ ከኋላ የተቀመጡትን ልጆች ፊት በደንብ የምለየው ረፋድ ላይ ነው። ስለዚህ ያን ቀን መጀመሪያ የሆነውን አላየሁም፤ ሰማሁት። ጀርባዬን ሰጥቼ ለዘጠነኛ ክፍሎች የስምጥ ሸለቆን ካርታ ሰሌዳ ላይ እየሳልኩ ሳለ ዴስክ ሲንኳኳ ሰማሁ። የሚረብሽ ልጅ መስሎኝ ሳልዞር «ተው!» አልኩ። መንኳኳቱ አልቆመም። ስዞር ተማሪዎቼ በበሩም በመስኮቱም እየዘለሉ ይወጣሉ።

ልጅቷ ዴስኮቹ መሀል ወድቃ ነበር። መላ ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል፣ አፏ አረፋ ደፍቋል፣ የሚንኳኳው እግሯ የዴስኩን ብረት ሲመታ ነው። ልጆቹ ውጭ ሆነው «ገገብዶ! ገገብዶ!» ይላሉ፤ የሚጥል በሽታ ማለታቸው ነው። ከጎረምሶቹ አንዱ ተመልሶ ገባና ክብሪት ጭሮ ጭሱን አፍንጫዋ ስር ያዘ። እኔም ያደግሁት አምቦ ነው። በሰፈራችን ሰው እንዲህ ሲወድቅ ክብሪት ሲያሸቱት፣ ለሃጩ እንዳይነካን እናቶቻችን እጃችንን ይዘው ሲጎትቱን አይቻለሁ። ሌላ የማውቀው ነገር አልነበረም። ጠመኔዬን እንደያዝኩ ቆሜ ቀረሁ።

ከክፍሉ ያልሸሸች አንዲት ልጅ ብቻ ነበረች፤ ከጎኗ የምትቀመጠው። ስማቸውን አልጽፍም። ይህችኛዋ ከክፍሉ ሴቶች ሁሉ ረጅም ስለነበረች ረጅሟ እላታለሁ። ረጅሟ ሹራቧን አውልቃ ከጓደኛዋ ጭንቅላት ስር አነጠፈችና ልጁን «ክብሪቱን አንሳ፣ ታቃጥላታለህ» ብላ እጁን ገፋችው። ከዚያ መንቀጥቀጡ እስኪበርድ ድረስ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ትከሻዋን ያዘች። ልጅቷ ስትነቃ ቀሚሷ ርሶ ነበር። ረጅሟ ከአንገቷ ሻርፗን ፈትታ ወገቧ ላይ አሰረችላት፤ ከዚያ በበሩ የሚያጮልቁትን ልጆች አንድ ጊዜ ገልመጥ አደረገቻቸውና ደግፋ ይዛት ወጣች።

በማግስቱ ልጅቷ ቀረች።

የዚያ ክፍል ኃላፊ እኔ ነበርኩ፤ ትምህርት የሚያቋርጡ ልጆችን ተከታትሎ መመለስም ለየክፍል ኃላፊዎች የተሰጠ ሥራ ነበር። ድንች ሲቆፈር የሚጠፉ፣ ገብስ ሲታጨድ የሚቀሩ፣ ለትዳር የሚወሰዱ ነበሩ። በየቤታቸው እየሄድኩ ወላጅ ለምኜ ጥቂቶቹን መልሻለሁ፤ ብዙዎቹ ቀርተዋል። ቢመለሱም ባይመለሱም ግን ለወላጆቻቸው የምለውን አውቅ ነበር። ለዚህች የምለው አልነበረኝም።

የተማሪዎችን ሥነ ሥርዓት የሚከታተለው ዩኒት ሊደር ቢሮው ጠራኝ።

«ለጊዜው ቤቷ ሆና ትታከም» አለኝ። «ልጆቹ ደንግጠዋል። መጥቶ የተናገረ ወላጅም አለ።»

«እስከ መቼ?»

«እስኪሻላት ነዋ።»

ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን ሲለኝ ዓይኔን ማየት አቅቶት ጠረጴዛው ላይ ያለውን ቁልፍ ያገላብጥ ነበር።

ስወጣ ረጅሟ በር ላይ ቆማ ትጠብቀኛለች። «ቲቸር፣ አባቷ ፈረስ ይዘው መጥተዋል። ዕቃዋን እየጫኑ ነው።»

ሁለቱ የአንድ ቀበሌ ልጆች ናቸው። እዚያ ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ስለሌለ፣ እንደ ብዙዎቹ የገጠር ልጆች ከተማ ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይተው ይማራሉ፤ ቅዳሜ ወደ ቤታቸው ይሄዱና እሑድ ስንቃቸውን ተሸክመው ይመለሳሉ። ከረጅሟ ጋር ስንደርስ ፈረሱ ላይ ፍራሽ፣ ጀሪካን፣ ድስት፣ የደብተር ፌስታል ተጭኗል። ልጅቷ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ድንጋይ ላይ ተቀምጣለች።

ያወራነው በኦሮምኛ ነው። በአማርኛ ሲጻፍ የሰውዬው አነጋገር ለዛው ይጠፋል፤ ነገሩ ግን ይህ ነበር።

«አከም ቡልተን፣ መምህርት» ብለው ሰላም አሉኝ። እንዴት አደሩ፣ እንዴት አደሩ ከተባባልን በኋላ፣ የመጣሁበትን ሳልናገር እሳቸው ቀደሙኝ። «እኔ ትምህርት ጠልቼ አይደለም። ከልጆቼ ሁሉ ለትምህርት የመረጥኩት እሷን ነው። ግን እህቴ ይኸው በሽታ ነበረባት። ሰው በሌለበት እሳት ላይ ወደቀች። ያነሳኋት እኔ ነኝ። ይቺ ቤት ብትወድቅ እኛ አለን። እዚህ ብትወድቅ ማን አላት?»

«እኔ አለሁ» አለች ረጅሟ።

ዞረው አዩዋት። «አንቺ ልጅ ነሽ።»

«ልጅ ነኝ። ግን ትናንት አብሬያት የነበርኩት እኔ ነኝ።»

ልጅቷ ከግድግዳው ሳትዞር «አባ፣ አንዴ ቤት ካስገባኸኝ አትመልሰኝም። አውቅሃለሁ» አለች።

አምቦ ሆስፒታል እኔው ራሴ ልውሰዳት ብዬ ለመንኳቸው፤ ሐኪሙ መማር የለባትም ካለ እጇን ይዤ ቤትዎ አመጣታለሁ አልኩ። ሰውዬው የፈረሱን አንገት ያሻሹ ነበር። በመጨረሻ የፍራሹን ገመድ ፈቱና ፍራሹንና የደብተሩን ፌስታል ብቻ አወረዱ። ድስቱንና ጀሪካኑን እንደተጫነ ይዘውት ሄዱ። ልባቸው ግማሽ በግማሽ እንደሆነ ገባኝ።

አምቦ የሄድነው በአይሱዙ ጋቢና ነው። ሆስፒታሉ ውስጥ የተቀበለን ሐኪም ገና ወጣት ነው፤ ግን የሚያዳምጥ ሰው ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደሆነ፣ ከመውደቋ በፊት ምን እንደሚሰማት፣ ስትነቃ ምን እንደሚያማት ጠየቃት። ከልጅነቷ ጀምሮ አልፎ አልፎ ቤት ውስጥ እንደሚጥላት፣ እናቷ ጎረቤት እንዳይሰማ በር ዘግታ እንደምትደብቃት ስትናገር የሰማሁት እዚያ ነው። ሐኪሙ በሽታው የአንጎል እንደሆነ፣ በለሃጭም በእስትንፋስም ሰው ላይ እንደማይተላለፍ፣ በየቀኑ የሚዋጥ ኪኒን እንዳለው ነገራት።

«መማር እችላለሁ?» አለችው።

«ትችያለሽ። የተከለከለው ኪኒኑን ማቋረጥ ነው። ብቻሽን ውሃ ዳር አትሂጂ፣ ብቻሽን እሳት አጠገብ አትሁኚ። በሌላው ሁሉ እንደ ጓደኞችሽ ነሽ።»

ስንመለስ ኪኒኑ አደንዝዟት ጭንቅላቷ ትከሻዬ ላይ ወድቆ ተኛች። ዳገቱ ላይ መኪናው ሲንገጫገጭ ባነነችና አፏን በእጇ ጀርባ ጠረገች። ትከሻዬ ላይ ትንሽ ርጥበት ነበር።

«ቲቸር፣ ነካዎት እንዴ?»

«ምኑ?»

«ለሃጬ።»

«ሐኪሙ ያለሽን አልሰማሽም?» አልኳት።

«ሰምቻለሁ። እርስዎ ሰምተው እንደሆነ ብዬ ነው።»

ክፍሉን እኔ ላስረዳልሽ ስላት እምቢ አለች። ሰኞ ዕለት ሰሌዳው ፊት ቆማ፣ ረጅሟ ከፊት ወንበር ተቀምጣ ዓይን ዓይኗን እያየቻት፣ በገዛ ቋንቋዋ ነገረቻቸው። «ስወድቅ አትሽሹ። በጎኔ አስተኙኝ፣ ከጭንቅላቴ ስር ልብስ አድርጉልኝ፣ እስክነቃ ጠብቁኝ። ክብሪት ግን እባካችሁ ይቅርብኝ፤ በሽታዬ ጭንቅላቴ ላይ ነው፣ የምታቃጥሉት አፍንጫዬን ነው።» ክፍሉ በሳቅ ተሞላ። ክብሪት የጫረው ልጅ አንገቱን ደፍቶ እሱም ሳቀ። ዩኒት ሊደሩ በር ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር። ከዚያ በኋላ ቤቷ ትሁን የሚል ቃል ከእሱ አልሰማሁም።

ከዚያ የመጣው ጊዜ ጥሩ ነበር። ኪኒኑ ዋጋ አስከፍሏታል፤ ያን ያህል የምትወደው ሒሳብ ከበዳት፣ በሁለተኛው ክፍለ ጊዜ እንቅልፍ ይጥላት ጀመር፣ ውጤቷም ወረደ። ረጅሟ በክርን እየጎሸመች ታነቃታለች። አብረው ውሃ ይቀዳሉ፣ አብረው ሽንት ቤት ይሄዳሉ፣ ድንች ሲቀቀል እንኳ እሳቱ አጠገብ የምትቀመጠው ረጅሟ ነበረች። «ባልና ሚስት» እያሉ ይቀልዱባቸው ነበር። ልጅቷ ደግሞ ቀልድ አዋቂ ሆና ወጣች። የእኔን እንግሊዝኛ እያስመሰለች ረጅሟን ስታስቅ ከመስኮት ውጭ ቆሜ ሰምቻታለሁ፤ ሳልገባ ተመለስኩ። አባትየው በገበያ ቀን ቤቴ ድረስ ድንች ይዘውልኝ መጡ። ድስቱንም ጀሪካኑንም መልሰውላት ነበር።

አሥረኛ ክፍል ሲደርሱ በጸጥታው ምክንያት የአምቦ መንገድ ይዘጋ ጀመር። አንድ ሰሞን ይከፈታል፣ ከዚያ ደግሞ መኪና የሚባል ይጠፋል። ስልክም አብሮ ይጠፋል። ዘይትና ስኳር ሲታጣ ሁሉም ሰው ያወራዋል፤ ኪኒን ሲታጣ የሚያወራው ቤቱ በሽተኛ ያለበት ብቻ ነው። ጤና ጣቢያው የመድኃኒት ክፍል ውስጥ የምትሠራዋ ልጅ ባዶውን መደርደሪያ በእጇ አሳየችኝ። «ከአምቦ ሲመጣ ነው» አለችኝ። «እኔም እንደ እናንተ እየጠበቅሁ ነው። በዚሁ በሽታ ሌሎችም ይመላለሱብኛል።»

አንድ ቀን ረጅሟ ከክፍል በኋላ ቀረት አለች።

«ቲቸር፣ ኪኒኑን በምላጭ እየከፈለች ነው የምትውጠው።»

ልጅቷን ጠርቼ ጠየቅኋት። አልደበቀችኝም። «ሐኪሙ አታቋርጪ ነው ያለኝ። አላቋረጥኩም፤ አሳነስኩት እንጂ። እንዲህ ካደረግሁ ፈተና ድረስ ያደርሰኛል።»

ዞሮ በሚሄድ መንገድ አምቦ ይደርሳል የተባለ የአይሱዙ ሾፌር ለመንኩ፤ ከሐኪም የታዘዘበት ወረቀት ካልመጣ አንሸጥም ብለውት ባዶ እጁን ተመለሰ። ከጤና ጣቢያው ወረቀቱን አስጽፌ ሰጠሁት፤ ከመውጣቱ በፊት ያኛውም መንገድ ተዘጋ። ረጅሟ ከትምህርት በኋላ እየሄደች መኪና ገብቶ እንደሆነ መናኸሪያ ስትጠይቅ ታመሻለች። ልጅቷ ግን ስለ ፈተናው እንጂ ስለ ኪኒኑ አታወራም ነበር።

ኪኒኑ ባለቀ በሳምንቱ ክፍል ውስጥ ወደቀች። በዚህኛው ጊዜ አንድም ልጅ አልሸሸም። ክብሪት የጫረው ልጅ ነው ጃኬቱን አውልቆ በጎኗ ያስተኛት። ሌሎቹ ዴስኮቹን ገፋ ገፋ አድርገው፣ ድምፅ ሳያሰሙ፣ ፊታቸውን አዙረው ጠበቁ። ስትነቃ «ደህና ነሽ፣ እዚሁ ነን» አላት ልጁ። እኔ ያን ጊዜ ውጭ ወጥቼ አለቀስኩ።

አባትየው መጡ። አሁን ፈረስ አልያዙም። ቤት ልውሰዳት ወይስ እዚህ ትሁን እያሉ ከእኔም ከልጆቹም ጋር ብዙ ተመካከሩ። «ቤትም ኪኒን የለም» አሉ በመጨረሻ። «እኔ እርሻ ስወጣ እናቷ ገበያ ስትሄድ ብቻዋን ናት። እዚህ ጓደኛዋ አለች።» ረጅሟን ጠርተው ራሷን በእጃቸው ዳበሱና «እንተላ ኮ» አሏት፤ ልጄ ማለት ነው። ሌላ አልጨመሩም።

የሆነው ቅዳሜ ቀን ነው። ስንቅ አልቆ ስለነበር፣ ልጅቷ መንገድ ላይ እንዳትወድቅ ብለው፣ ረጅሟ ለሁለቱም ልታመጣ ብቻዋን ወደ ቤት ሄዳለች። «እስክመጣ ከግቢ አትውጪ» ብላት ነበር፤ እሷም እሺ ብላለች። ግን ለሰኞ የሚለበስ ዩኒፎርም አልታጠበም። ከሰፈሩ ሴቶች ጋር ወንዝ ወረደች። ብቻዬን አይደለሁም ብላ ይሆናል። ሴቶቹ በሽታዋን አያውቁም፤ አጥበው ሲጨርሱ ተሰናብተዋት ወጡ። ከብት ሊያጠጣ የወረደ ሰው አገኛት። ውሃው ጉልበት እንኳ አይደርስም ነበር። የዩኒፎርሟ ሸሚዝ ቁጥቋጦው ላይ ተሰጥቷል።

ዩኒት ሊደሩ እየሮጠ ቤቴ መጣ። «ልጅቷ…» አለና በሩን ይዞ ቆመ። የቷ ብዬ አልጠየቅሁትም።

ሬሳዋን በቃሬዛ ወደ ቀበሌዋ ሲወስዷት አብሬ ሄድኩ። ክፍሉ በሙሉ መጣ፤ ወንዶቹ እየተቀባበሉ ተሸከሟት። መንደሩ ስንደርስ ልቅሶው ቀድሞን ተሰምቶ ነበር። ረጅሟ ከወፍጮ ቤት ነበር የመጣችው። ለሁለቱም የሚሆን ገብስ እያስፈጨች ሳለ ጩኸቱን ሰምታ እየሮጠች ነው። ፀጉሯ፣ ቅንድቧ፣ እጇ ዱቄት ነበር። ቃሬዛው አጠገብ ስትደርስ ቆመች። አላለቀሰችም። ጎንበስ ብላ የተሸፈነችበትን ጋቢ ከጭንቅላቷ ስር አስተካከለችላት፤ ያን ሁለት ዓመት ስታደርገው እንደነበረው።

የቀበርናት በማግስቱ ነው። የቤተ ክርስቲያናቸው መዘምራን ዘመሩ፤ ፓስተሩ አጭር ጸሎት ጸለየ። ሰው ሲበተን አባትየው ወደ እኔ መጡ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ፤ ቢረግሙኝም በወደድሁ።

«ሁለት ዓመት ስቃ ኖረች» አሉኝ። «በየቅዳሜው እየመጣች ስታስቀን ነበር። ቤት ባስቀምጣት አትስቅም ነበር። ግን ትኖርልኝ ነበር ይሆናል።» ዓይናቸው ቀልቷል እንጂ እንባ አልነበረውም። «የትኛው ይሻል ነበር? እርስዎ የተማሩ ነዎት፣ ይንገሩኝ።»

እጃቸውን ያዝኩ። እጃቸውን ሳይነጥቁኝ ትንሽ ቆሙና ወደ ድንኳኑ ገቡ።

መድኃኒቱ ቆይቶ መጣ። መቼ እንደመጣ መጻፍ አልፈልግም።

ረጅሟ ትምህርት ቤት አልተመለሰችም። ሳምንት ጠብቄ ቤቷ ሄድኩ። እናቷ፣ ሰው ሸሽታ ከጎተራው ኋላ የተቀመጠችበትን አሳዩኝ። ለዘር የሚሆን ድንች ትመርጥ ነበር፤ የበሰበሰውን ወደ አንድ ጎን፣ ደህናውን ወደ ሌላ። አጠገቧ ተቀመጥኩና እኔም መምረጥ ጀመርኩ።

«ዳይሬክተሩን አነጋግሬዋለሁ» አልኳት። «ሌላ ክፍል ትገቢያለሽ። የድሮው ዴስክ አጠገብ አትደርሺም።»

«ቅዳሜ ባልሄድስ ኖሮ፣ ቲቸር?»

«ምን ትበሉ ነበር? ስንቁ አልቆ ነበር እኮ።»

«ጎረቤት እለምን ነበር።»

ጥፋቱ ያንቺ አይደለም አልኳት። እናቷም ከኋላችን ቆመው ይኸንኑ አሉ። የቀበሌው ሰው ሁሉ እንዳላት አውቃለሁ። አንገቷን ነቀነቀች፤ ድንቹን መምረጥ ግን አላቆመችም።

በሳምንቱ መጣች። ደስ ብሎኝ እስከ አዲሱ ክፍሏ ሸኘኋት። ሁለት ቀን ተማረች። በሦስተኛው ቀን በሒሳብ ክፍለ ጊዜ ደብተሯን ሰብስባ ተነሥታ ወጣች። በሩ ላይ ደረስኩባት።

«ምን ሆንሽ? ማን ምን አለሽ?»

«ማንም ምንም አላለኝም። ከጎኔ አንዲት ልጅ አስቀመጡልኝ፣ ጥሩ ልጅ ናት» አለችኝ። «ግን ሰሌዳውን ማየት አልቻልኩም። በየደቂቃው እየዞርኩ እሷን አያታለሁ። አሁን ትወድቃለች፣ አሁን ትወድቃለች እላለሁ። ልጅቷም ፈራችኝ። ቲቸር፣ ተዉኝ፣ ልሂድ።»

ብቻሽን ተቀመጪ፣ ፊት ወንበር ላይ ተቀመጪ፣ ከፈለግሽ እኔ ጋር ቢሮ ውስጥ ተቀምጠሽ አጥኚ አልኳት። ሁሉንም ሰማችኝ። ቁመቷ እኔን ይበልጥ ስለነበር ጎንበስ ብላ ጉንጬን ሳመችኝና ሄደች። ከዚያ በኋላ ሁለቴ ቤቷ ሄድኩ። አንዴ ገበያ ናት አሉኝ፤ በሁለተኛው ጉደር ወደ አክስቷ ሄዳለች ተባልኩ።

ከዓመታት በኋላ ዝውውር አግኝቼ አምቦ ገባሁ። አሁንም የክፍል ኃላፊ ነኝ፤ አሁንም ከክፍሌ ልጆች ይጠፋሉ፣ አሁንም ቤታቸው እሄዳለሁ። ስለሚጥል በሽታ ግን በየዓመቱ መጀመሪያ፣ ማንም ሳይወድቅ በፊት፣ ቆሜ እናገራለሁ። ልጆቹ ለምን ጂኦግራፊ አስተማሪ ይህን ታወራለች ብለው ግራ ይጋባሉ።

አንድ ቅዳሜ ጉደር ገበያ ሽንኩርት ልገዛ ወረድኩ። ሽንኩርት ከተሞሉት ማዳበሪያዎች መሀል «ቲቸር!» የሚል ድምፅ ሰማሁ። ቁመቷ ነው ያሳወቀኝ። ልጅ አዝላለች። ተሳሳምን፣ ደግመን ተሳሳምን። አግብታለች፤ ባሏ መስኖ ላይ ሽንኩርት ያለማል፣ እሷ ትሸጣለች።

«ትምህርቱስ?» አልኳት። ከአፌ የሚቀድም ሌላ ጥያቄ የለም።

«የማታ አለ ይሉኛል። ባሌም ሂጂ፣ ልጁን እኔ እይዛለሁ ይላል። እኔ ነኝ እንጂ ያልቻልኩት» አለችና ወደ ጀርባዋ እጇን ሰድዳ ልጁን መታ መታ አደረገችው።

«እሷም እኮ ብትኖር…» ብዬ ጀመርኩ።

«ስለሷ አያንሱብኝ፣ ቲቸር።» በትህትና ነው ያለችው፤ ግን እጇን ክንዴ ላይ አድርጋ አጥብቃ ያዘችኝ። «ሌላ ሌላውን ያውሩኝ።»

ስለ ዝናቡ አወራን። ዘንድሮ ሳይታሰብ ጥሎ የሽንኩርቱን ሥር እያበሰበሰው እንደሆነ ነገረችኝ፤ ቶሎ ካልነቀልነው ማሳው ላይ ይቀራል አለች። ደህና ደህናውን እየመረጠች ዘንቢሌን ሞላችልኝ። ሌላ ገዢ መጥቶ ጠራት፤ እኔም መኪና ሳያመልጠኝ ብዬ ተሰናበትኳት።